የቀሚሱ ጆሮ

«አንተ ሰው፣ ተቀመጥ እንጂ! ሐዘንተኛ እንደ ገበያተኛ ወዲያ ወዲህ ይላል እንዴ?» አለ ጎበዜ፣ የጎረቤቱን የቢሻውን ነጠላ ጫፍ ይዞ ወደ ምንጣፉ እየሳበ።

ቢሻው ተቀመጠ። ዐይኑ ግን የድንኳኑን መግቢያ አልፎ፣ የሩዙን ማሳ ተሻግሮ ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ የሚወስደውን መንገድ ያዘ። ልጁ የኔሰው ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ከፍል ውኃው በላይ፣ ወንዙ በአንዲት አጭር ሸለቆ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ከገደል ይወድቃል። የኔሰው ካያክ በሚሏት ጠባብ የላስቲክ ታንኳ ሁለቱን ፏፏቴዎች በደኅና ወርዶ፣ ከሦስተኛው ሥር ተገልብጦ ቀረ። አስከሬኑን ከነታንኳዋ ጎትቶ ያወጣው ባልንጀራው ወገኔ ነው፤ ወንዛዬ የቀረውን የሟቹን ዕቃ በሣልስቱ ይዞ እንደሚመጣ ተናግሮ ነበር። ቢሻው የሚጠብቀው ከዚያ ዕቃ መካከል አንዱን ብቻ ነው።

«ቀሚስ ለብሶ ነው አሉ የሞተው» ብላ አንዲት ሴት ስታንሾካሹክ ሰማ።

«ወንድ ልጅ ቀሚስ? ወይ ጉድ!»

«ቀስ በይ፣ እናቱ ሸጌ ትሰማሻለች።»

ቢሻው ቀሚሱን ያውቀዋል። ከወገብ የሚታጠቁት፣ ጠርዙ የታንኳዋን አፍ ዙሪያውን ጥርቅም አድርጎ የሚይዝና ውኃ የማያስገባ ወፍራም ጨርቅ ነው። ከፊት ለፊት ጆሮ የሚሏት የጥብጣብ ቀለበት አለችው። ታንኳዋ የተገለበጠች እንደሆነ ቀዛፊው ያቺን ጆሮ ስቦ ቀሚሱን ካላላቀቀ አይወጣም። የቀድሞዋ ጆሮ በነሐሴ ተበጥሳ ስለ ነበር፣ የኔሰው ቀሚሱን ተሸክሞ ከአባቱ የሽመና ጉድጓድ አፍ ላይ ቁጢጥ አለ።

«አባዬ፣ ይችን ይጠግኑልኝ። ግን ረዘም ትበል፤ እንደ ጥጃ ጅራት ትንጠልጠል።»

«የሚንጠለጠል ነገር የሰነፍ ሥራ ነው» አለ ቢሻው። አርባ ዓመት ሸምኗል፤ ከእጁ በወጣ ኩታ ላይ የተረፈ ክር ያየ ሰው የለም። «ደግሞስ ለዚህ ጨዋታ! ፎገራ በውኃ ሲሞላ በደንገል ታንኳ መዋልህ አንሶህ፣ አሁን ከገደል መወርወር?»

የኔሰው ሳቀ። «አፋፉን ካለፍሁ ወዲያ ሌላ ድምፅ አልሰማም፣ አባዬ። ልቤ የሚያርፈው ያን ጊዜ ነው።»

ቢሻው ሰም በቀባው ክር አራት ጊዜ ደራርቦ ሰፋ። ጥብጣቡን ግን አሳጥሮ ከጠርዙ ጋር ልጥፍ አደረገው፤ ትርፉንም ክር እንደ ልማዱ በጥርሱ በጠሰው። የኔሰው ሥራውን አገላብጦ አየ። አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ የአባቱን ፊት አየና መልሶ ገጠመው።

«ያምራል፣ አባዬ» አለ።

አሁን ቢሻውን ከምንጣፉ የሚያስነሣው አንድ ጥያቄ ነው። ልጁ ጆሮዋን ሲስብ ስፌቱ ተተርትሮ ይሆን? ተተርትሮ ከሆነ ልጁን የገደለው እሱ ነው።

በሣልስቱ ረፋድ ላይ ወገኔ መጣ። ድንጋይ የላጠውን እጁን በነጠላው ሸፍኖ፣ ከቢሻው ፊት አንድ ጆንያ አኖረ። ቢሻው ጆንያውን ሳይፈታ መዳፉን ላዩ ላይ አሳረፈ።

«እኔ ነበርሁ ጆሮዋን የሰፋኋት» አለ። «ክሩ...»

«አልተበጠሰም፣ ጋሼ።» ወገኔ ጆንያውን ፈትቶ ቀሚሱን አወጣ። «ይኸው ይዩት፤ አንዲት ስፌት አልላላችም።»

ጎበዜ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። «ተመስገን! ሰማህ? እጅህ ንጹሕ ነው። በል እንግዲህ፣ አሁንስ እረፍ!»

ቢሻው ግን ቀሚሱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ዐይኑን ጨፈነ። ቀኝ እጁን ከወገቡ ወደ ፊት ሰደደ። ጣቶቹ በጨርቁ ላይ ተንሸራትተው አለፉ። ደገመ፤ አሁንም አለፉ። በሦስተኛው ጥፍሩ ጠርዙን ነክቶ አዳለጠው። በደረቅ ምድር ተቀምጦ፣ የሚገፋው ውኃ ሳይኖር፣ በገዛ እጁ የሰፋትን ጆሮ ማግኘት አቃተው። ሦስት ቀን ሙሉ ሲጠይቅ የኖረው የተሳሳተ ጥያቄ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ተረዳ።

«ወገኔ፣ ያንተም እንዲህ አጭር ናት?»

ወገኔ አቀረቀረ። «የኔማ ረጅም ናት። እሱንም ቀይራት ብዬው ነበር። ‹አባቴ ሌላ ሰው ሥራቸውን እንደ ነካ ቢሰሙ ያዝናሉ› አለኝ።»



«ንጹሕ አይደለም» አለ ቢሻው፣ ወደ ጎበዜ ዞሮ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ረጅም ትሁን ብሎኝ ነበር። እንዲያምርልኝ ብዬ ያሳጠርኋት እኔ ነኝ።»

ከሴቶቹ መካከል ሸጌ ባሏን ለረጅም ጊዜ አየችው። እሱም ዐይኑን አላሸሸም።

«አንተስ» አለ ወደ ወገኔ ተመልሶ፣ «ከእንግዲህም ፏፏቴውን ትወርዳለህ?»

«እንጃ፣ ጋሼ።» ወገኔ የቆሰለ እጁን አየ። «መውረዴ አይቀርም።»

«መርፌና ክር» አለ ቢሻው።

«በልጅህ ሣልስት ሥራ ልትይዝ ነው?» ጎበዜ ደነገጠ። ሸጌ ግን ተነሥታ ወደ ቤት ገባች፤ ይዛ መጥታም በባሏ መዳፍ ላይ አኖረችለት።

ቢሻው የቀድሞዋን ጆሮ ተርትሮ ጣለ። ራሱ ከሸመነው ነጠላ ጥለቱን ቀደደ፤ አጥፎ አጣጥፎ ከጠርዙ ጋር ሰፋው። አዲሷ ጆሮ እንደ ጥጃ ጅራት ተንጠለጠለች፤ ታስጠላለች። ስፌቱን ቋጥሮ የተረፈውን ክር ወደ ጥርሱ አቀረበ።

ከዚያ ከአፉ አወጣውና ቀሚሱን ከነክሩ ለወገኔ ሰጠው።