የውባለም ክንድ

"ቀስ በይ! ቀስ በይ ውብዬ፣ ቆዳዬ ተጣብቋል!"

ውባለም እጇን መለሰች። የታናሽ እህቷን የመቅዲን መቀነት ስትፈታ የመጨረሻው ዙር ከሆዷ አልላቀቅ ብሏል። ለብ ባለ ውሃ እያራሰች ትንሽ በትንሽ አነሳችው። ከሥሩ የወጣው ሆድ ቀይ፣ ያበጠ፣ አንዳንድ ቦታም ውሃ የቋጠረ ነበር። መቅዲ ከወለደች ገና አራት ወሯ ነው። ሕፃኑ አጠገቧ ተኝቷል፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አቅፋ ማጥባት እንኳን አቅቷታል።

"ምንድን ነው የተቀባሽው?"

መቅዲ ከትራሷ ሥር ሮዝ ክዳን ያለው ብልቃጥ አወጣች። የላላ ቆዳ ያጠብቃል ይላል ላዩ ላይ፤ የተሠራበት አገር የለው፣ ውስጡ ምን እንዳለ የለው። ይሄን ማታ ማታ እየተቀባች፣ እናታቸው አራስ ሳሉ ያደርጉ እንደነበረው ሆዷን በመቀነት ጥፍር አድርጋ እያሰረች አምስት ሌሊት አድራለች። ብቻውን የሚያቃጥል ክሬም፣ ያውም ታፍኖ! ጉድ እኮ ነው።

"አብደሻል? ማን ነው ይሄን ተቀቢ ያለሽ? ንገሪኝና ሄጄ ዓይኑን ላውጣው!"

መቅዲ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"አንቺ ነሻ! አንቺ አይደለሽ በስልክ የምታወሪው?"

ውባለም ብልቃጡን እንደገና አገላብጣ አየችው፤ አሁን አወቀችው።

እውነቷን ነው። ውባለም ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ትሸጣለች። ዕድሜዋ አርባ ሁለት ነው፤ ክንዷን ያየ ግን ከሃያ አምስት በላይ አይሰጣትም። ቀሚሱን ራሷ ለብሳ ሱቋ በር ላይ ስትቆም እጅጌ የሌለውን የሚያስገዛው እሱ ክንዷ ነው። ከሦስት ወር በፊት ዊንጌት የውበት ዕቃ የምትሸጠው ሶሊያና መጣች። ሙሽሮች የምትልክላት ወዳጇ ናት። "ውቤ፣ ቪዲዮ ልቅረጽሽ፤ ክንድሽን እያሳየሽ አንድ ቃል ብቻ በይልኝ" አለቻት። ውባለምም የብልቃጡን ክዳን እንኳን ሳትከፍት "የኔ ምስጢር ይሄ ነው" ብላ ሳቀች። ምን ችግር አለው ብላ! ለወዳጅ ውለታ መዋል እንጂ ውሸት አልመሰላትም። የገዛ እህቷ ሰምታ፣ አምና፣ እሷን እንኳን ሳታማክር ትገዛለች ብላ መች አሰበች።

ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ነርሷ ቁስሉን አጽድታ ቅባት አደረገችላትና መቅዲን ቆጣ ብላ አየቻት።

"መቀነቱም ክሬሙም ይብቃሽ። ዘጠኝ ወር ሙሉ የተወጠረ ሆድ በአምስት ሌሊት አይመለስም። መጀመሪያ ቁስሉ ይዳን። ከዚያ በደንብ ብዪ፣ ውሃ ጠጪ፣ ቀስ እያልሽ ተራመጂ። ብዙው ይሰበሰባል። ሁሉም ግን ላይመለስ ይችላል፤ አልዋሽሽም።"

መቅዲ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ውባለም እህቷን ቤት አድርሳ ታክሲ ያዘች። መንገዱን ሙሉ ከንፈሯን እየነከሰች ነበር። በሶሊያና ተናዳለች፣ በመቅዲም ተናዳለች። ከሁሉ በላይ ግን ቪዲዮው ላይ በምትስቀው ሴትዮ፣ በራሷ፣ አንጀቷ አሯል።

ሶሊያና ሱቅ ስትደርስ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

"በይ ራስሽ ተቀቢው! እዚሁ ፊቴ ተቀቢ!"

"ውቤ፣ ምነው? ደንበኛ አለ እኮ!"

"ይኑራ! የእህቴ ሆድ ተልጧል። ልጇን ማቀፍ አቅቷታል፣ ገባሽ?"

ሶሊያና ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ ደነገጠች። ወዲያው ግን ፊቷን ሰበሰበች።

"እና በላዩ መቀነት እሰሪበት ያላት ማን ነው? እኔ ነኝ? ትንሽ ማቃጠሉማ መሥራቱ ነው።"

"ቪዲዮውን አጥፊው። አሁኑኑ!"

"አርባ ሺህ ሰው ያየውን? አላጠፋም። ደሞ የተናገርሽው አንቺ ነሽ፤ አፍሽን ይዤ አላናገርኩሽ። ነገር ከመጣ ሰው የሚያውቀው ያንቺን ፊት ነው።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "በዚያ ላይ ለጥር ሠርግ ስምንት ሙሽራ ይዤልሻለሁ። ተረጋጊና እንነጋገር።"

ለውባለም ስምንት ሙሽራ ከነሚዜዎቹ የዓመቱ ገበያዋ ነው። ሶሊያና ይሄን አሳምራ ታውቃለች።

ጥግ ላይ የቆመች ሂጃብ የለበሰች ልጅ ፈራ ተባ እያለች ቀረበች። ያው ባለ ሮዝ ክዳን ብልቃጥ እጇ ላይ አለ።

"ይቅርታ እትዬ... ክንዳቸውን የሚያሳዩት እርስዎ አይደሉም እንዴ? ለእናቴ ልገዛላት ነበር። ከከሳች ወዲህ ክንዷ ላላ ብሎባት ታፍራለች። እርስዎን አይታ ነው የላከችኝ።"

"አስቀምጪው!" ውባለም ብልቃጡን ቀማቻት። "አንድ ቀን ተቀብቼው አላውቅም!"

"ታዲያ ክንድዎ በምንድን ነው እንደዚህ የሆነው?"

"በሸክም ነው ልጄ! የጋቢ ጥቅል ተሸክሜ ዳገት ስወጣ ሃያ ዓመቴ። ጠዋት ጠዋት በእግሬ እንጦጦ ማርያም ደርሼ እመለሳለሁ። ገላዬን ታጥቤ ሳልደርቅ ቫዝሊን እቀባለሁ፣ ፀሐይ ሲከር ነጠላዬን እደርባለሁ። ውሃ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ጎመን፤ በቃ! ከእናቴ የወረስኩትም አለበት፤ እሱን ማን በብልቃጥ ይሸጥልሻል?"

"ውባለም!" አለች ሶሊያና። "ሙሽሮቹን እርሻቸው!"

"ውሰጃቸው!" አለች ውባለም። ሳይቆጫት ቀርቶ አይደለም። ወደ ልጅቷ ዞረች። "ስምሽ ማን ነው?"

"ሩፋይዳ።"

"ነይ ሩፋይዳ፣ በስልክሽ ቅጂኝና ለሰው ልቀቂው።"

ወጥተው ታክሲ ተራው አጠገብ ቆሙ። ረዳቶቹ እየጮኹ ነው፤ ውባለም ከእነሱ በላይ ጮኸች።

"ውባለም እባላለሁ። ያንን ክሬም ተቀብቼው አላውቅም፤ ዋሽቻችኋለሁ። እህቴን አቃጥሏታል። የገዛችሁ አትቀቡት፤ ያቆሰላችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።"

"በቃ?" አለች ሩፋይዳ፣ ጣቷን ወደ ስልኩ አስጠግታ።

"ቆይ፣ እንዳታጠፊው።"

የሱቋን አድራሻ ከተናገረች የሚሳደብ ይመጣል፤ ገበያተኛ ፊት የሚያዋርዳትም አይጠፋም።

"ሱቄ ሽሮ ሜዳ ነው" አለች፤ መደዳውንም፣ የበሩንም ቁጥር ተናገረች። "በእኔ ምክንያት የተቃጠለ ሰው ካለ እዚያ አለሁ። እሁድም ከቅዳሴ በኋላ እከፍታለሁ።"