ፀሐይ በዓል ታከብራለች ወይ?

ባትሪው ሲሞት አላለቀስኩም። ሁለት ዓመት ሠርቶ ሆዱ ተነፋና አረፈ። ከወገዳ ከተማ ቁልቁል ያለነው ዐሥራ ሁለት ቤተሰብ በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ አለን፤ ከወንዙ ውሃ እየሳበ የመስኖ ሽንኩርታችንን ያጠጣል። ፀሐይ የምትበረታው በቀትር ነው፣ ሽንኩርት ውሃ የሚወደው ደግሞ ማለዳ። ባትሪው የቀኑን ጉልበት የሚያሳድርልን ለዚህ ነበር። ሲሞት ወንዶቹ ሁሉ ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ።

«ጉልበቱን ማሳደር ካቃተን ውሃውን እናሳድረዋ!» አልኳቸው። «ቀን ጋራው ላይ ይውጣ፤ ጠዋት ራሱ ይወርዳል።»

«ወይ ጉድ! እናትነሽ ደግሞ መሐንዲስ ሆነች» ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ። ስቀው ሲጨርሱ ጋራው ላይ የድንጋይ ገንዳ ሠሩ፤ እኔም ድንጋይ ተሸከምኩ። የአንድ ቀን ፀሐይ የሚሞላልን የሦስት ሰው ማሳ የሚያጠጣ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ በተራ እያጠጣን ያለ እንከን ከረምን።

ጥር መጣ። ከተራ፣ ጥምቀት፣ ቃና ዘገሊላ፣ ሦስት ቀን ተከታትሎ በዓል። የፓምፑ ቁልፍ የሟቹ ባሌ ወንድም ደጀኔ ዘንድ ነው። «በበዓል በሬ ይፈታል፤ ፓምፑም ይፈታል» አለ። በሬ! ለመሆኑ ቀንድ አለው? ሦስት ቀን ካልተሳበ ገንዳው ባዶ ሆኖ ይነጋል። እኔ መስኖው ውስጥ ዘግይቼ ስለገባሁ ተራዬ የመጨረሻ ነው፤ ውሃው እኔ ዘንድ እስኪደርስ ከሳምንት ያልፋል። ሽንኩርቴ ገና ራስ መቋጠሩ ነው፤ በዚያ ሐሩር ይህን ያህል አይቆይም።

ደጀኔ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ መሰላችሁ? ባሌ ከሞተ አራት ዓመት ሙሉ መሬቴን እኩል ሲያርስ የኖረው እሱ ነው። ሴት ሞፈር አትጨብጥም እየተባለ ግማሹን ምርት ይወስዳል። ዘንድሮ ግን ሽንኩርት ዶማ እንጂ በሬ አይፈልግም ብዬ ነጠቅኩት። «ከደረቀብሽ መሬቱን ለእኔ ትመልሻለሽ» ብሎ በሽማግሌው በአያ ማርቆስ ፊት ማይልኝ አለ። እኔም አፌ አያርፍ፣ ማልኩ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ጥር ዘጠኝ ቀን የኔታ ኃይለ ሚካኤል ዘንድ ሄድኩ። ቤተ ልሔም ዜማ ቤት ገብተው ድጓ ያስመሰከሩ የደብራችን መምህር ናቸው፤ ደጀኔ ከሰው የሚፈራው ቢኖር እሳቸውን ነው። ነገሩን ስነግራቸው መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ።

«ነይ አሳዪኝ» አሉ።

ደጀኔን ፓምፑ አጠገብ አገኘነው።

«በበዓሉ ቀን ይህን የሚነካ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ።

«የለም፣ የኔታ» አልኩ ደጀኔን ቀድሜ። «ዛሬ ማታ ክፍት ካደረ፣ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ራሱ ይነሣል።»

«ፀሐይዋ ግን ትሠራለች፣ የኔታ» አለ ደጀኔ።

የኔታ አተኩረው አዩት። «ሰው ይረፍ፣ በሬም ይረፍ የሚል አንብቤያለሁ። ፀሐይ ትረፍ የሚል እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ካለህ አምጣና እንየው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ማጠጣቱ ግን ሥራ ነው፣ ልጄ። እሱ በዓሉ ሲያልፍ።»

«እሺ፣ የኔታ!»

ደጀኔ አንገቱን ደፍቶ ቁልፉን ሰጠኝ።

ሦስቱን ቀን ታቦት አጀብኩ፣ እልል አልኩ። ዞሬ ጋራውን አላየሁም ብል ውሸቴን ነው። አየሁት፤ ገንዳው ከቀን ቀን ሲሞላ ልቤ አብሮት ሞላ። ጥር ዐሥራ ሦስት ማለዳ ተከፈተ፤ በማግሥቱ የእኔ ተራ ደረሰ። ውሃው ወደ ማሳዬ ሲገባ እንባዬ መጣ፤ ከደስታም ከንዴትም ነው።

አያ ማርቆስ የምስክርነታቸው ነገር ከንክኗቸው ደጀኔን አስከትለው መጡ። ዐይናቸው ደክሟል፤ መደቡ ጫፍ ቆመው አረንጓዴውን ለማየት አጎነበሱ።

«ይህ ማሳ የማን ነው?» ብለው ጠየቁት።

ደጀኔ አራት ዓመት ሙሉ በሄደበት «እርሻዬ» ነበር የሚለው። ጉሮሮውን ጠረገ። «የእናትነሽ ነው» አለ ወደ መሬት እያየ።

«አልሰማሁህም!» አልኩት ከጭቃው ውስጥ።

«የእናትነሽ ነው!» ብሎ ጮኸ።