ባዶ የወጣው የባሕር ገጽ

ላሙ ደሴት ላይ ጀልባ የመራ ሁሉ ናኾዳ ይባላል። በእኛ ሰፈር ግን ናኾዳ ከተባለ ሽማግሌው ላሊ ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ባሕሩን ግን አልተዉትም። ጎሕ ሲቀድ ልጃቸው ሪዚኪ እጃቸውን ይዛ ሰገነቱ ላይ ታወጣቸዋለች። ፊታቸውን ለነፋሱ ይሰጣሉ። አየሩን ሲስቡ ያየ ሰው፣ ሩቅ ቤት የሚበስል ወጥ የሚያሸቱ ይመስለዋል። ከዚያ አንድ ነገር ይናገራሉ።

«ዛሬ ባሕሩ የተኛ ሕፃን ነው፤ ቀስ ብላችሁ እለፉት።»

ወይም ደግሞ፣ «የሰሜኑ ነፋስ ተጣልቶ ነው ያደረው፤ እስኪበርድለት ከቤት አትውጡ።»

ሪዚኪ ሞምባሳ ሄዳ ኮምፒውተር የተማረች ልጅ ናት። ለዚህ ለአባቷ ቃል ብላ ድረ ገጽ ሠራች። ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የለበትም፤ እንደታተመ ወረቀት የረጋ ነው፤ ስለዚህ ኔትወርክ ደካማ በሆነበት የባሕር ዳርቻ እንኳ ቶሎ ይከፈታል። ከላይ ቀኑ፣ ቀጥሎ ባሕሩ የሚሞላበትና የሚጎድልበት ሰዓት፣ ከታች የናኾዳ ቃል። ዓሣ አጥማጆቹ እሱን ሳያዩ ሸራ አይሰቅሉም።

«እኔ እዚህ የተናገርኩት እንዴት ነው አጥማጁ ትዋሊብ ኪስ ውስጥ፣ ስልኩ ላይ የሚገኘው?» ብለው ጠየቋት አንድ ቀን።

«ጽፌ እልከዋለሁ አባባ። ሩቅ አገር ያለ ኮምፒውተር ይቀበለኝና ገጹን ራሱ አሰናድቶ ራሱ ያወጣዋል። እኔ ባልልክ እንኳ በየማለዳው የቀኑን ገጽ ይሠራል።»

«ማንም ሳይቀሰቅሰው?»

«ማንም።»

«ሳይቀሰቅሱት ተነስቶ የሚሰፋ ሸራ ሰፊ ነው በይኛ! የኛው ሸራ ሰፊ እኮ ውሃ ቢያፈሱበትም አይነሳም ነበር» ብለው ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ ሰፊው በሕልማቸው ይመጣ ጀመር። ማንም በማያውቀው የባሕር ዳር ተቀምጦ፣ አንገቱን ሳያቀና ነጭ ሸራ ይሰፋል። «በመርፌው ያለው ክር አይደለም፤ የኔ ድምፅ ነው። ሰፍቶ ሲለቀው ሸራው ያለ ጀልባ ይሄዳል» አሉን፣ እንደ ትናንት ወሬ።

አንድ ማለዳ ናኾዳ አልተነሱም። ሰውነታቸው እንደ ምድጃ ይፋጃል፤ ደረታቸው ያቃስታል። ሪዚኪ ጨርቅ እየነከረች ግንባራቸው ላይ ስታደርግ፣ እንኳን ኮምፒውተሩን ራሷንም ረሳች። ሩቅ ያለው ኮምፒውተር ግን ሰዓቱን ጠብቆ ሥራውን ጀመረ። ቀኑን ጻፈ፤ የባሕሩን ሰዓት ጻፈ፤ «የናኾዳ ቃል» ከሚለው ሥር የሚያኖረው ቢያጣ ነጩን እንዳለ ትቶ ገጹን አወጣው።

ባሕሩ ዳር ጀልባዎቹ ተሰናድተው ነበር። ውሃው መስታወት ሆኗል፤ እንዲህ ያለ ቀን አይገኝም። ትዋሊብ፣ ያ ረጅሙ አጥማጅ፣ ስልኩን ከፍቶ ቆመ።

«ምንም የለም እኮ።»

«ኔትወርኩ ይሆናላ» አለ ጓደኛው ፋማው።

«ሰዓቱ ወጥቷል እያልኩህ! ቃሉ ነው የሌለው።»

«እንግዲያ ባሕሩ ዛሬ ዝም ብሏል ማለት ነው?»

«አንተ ደንቆሮ፣ ዝም ያለው ባሕሩ ነው ወይስ ሰውየው?»

ሸራ የሰቀለ የለም። መረባቸውን እዚያው ጥለው ጠባቡን መንገድ ወጡት። ሪዚኪ በሩን ስትከፍት ወንድ ሁሉ ደጇ ላይ ቆሟል።

«ምን ሆናችሁ?»

«ገጹ ባዶ ወጣ» አላት ትዋሊብ።

እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ወይኔ! እኔ አልላክሁም… ራሱ ነው ያወጣው።»

«እንኳን አወጣው! አባትሽስ?»

መልሷን አልጠበቁም። የጀልባ ሸራ አምጥተው ናኾዳን በእሱ ተሸክመው ወደ ሐኪም ወረዱ። ሸራው ሲወዛወዝ ሽማግሌው በትኩሳቱ መሐል ከንፈራቸውን አላወሱ።

«መሪው ላይ ማነው?»

«እኔ ነኝ ናኾዳ፣ ትዋሊብ።»

«ወደ ቀኝ ያዝ። ፊት ለፊት አሸዋ አለ።»

«እሺ ናኾዳ» ብሎ ትዋሊብ ወደ ቀኝ ያዘ፤ የተሸከሙት ሁሉ ከግድግዳው እየታከኩ ወደ ቀኝ ያዙ። የሳቀ አልነበረም። ወላሂ፣ እኔም ከኋላ ስከተል እግሬ ሥር ውሃ ያለ መስሎኝ ነበር።

ሐኪሙ ሳንባቸውን አዳምጦ፣ «እስከ ማታ ብትቆዩ ኖሮ አላውቅም» አለ። መድኃኒቱ ሠራ። ከብዙ ቀን በኋላ ከስተው፣ ግን እየቀለዱ ቤታቸው ገቡ።

ያ ባዶ ገጽ ከሪዚኪ ልብ አልወጣም። «አባባ፣ ቃል ከሌለ ገጹ እንዳይወጣ አድርጌ ላስተካክለው?» አለቻቸው።

«ተይው ልጄ። ዝም ስል ዝምታዬም ይውጣ፤ እሱንም የሚያነብ አለኝ።»

ሰገነቱ ላይ ለመውጣት ገና ጉልበት አልነበራቸውምና፣ በማግሥቱ ማለዳ ትዋሊብ ባሕር ከመግባቱ በፊት መጥቶ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ባሕሩ ላይ ያየውን ነገራቸው። አሰቡበት፤ ከዚያም ለሪዚኪ እንዲህ ብለው አስጻፏት፦

«ዛሬ ባሕሩን አላሸተትኩትም። ትዋሊብ ሰማያዊ ነው ብሎኛል፤ አምኜዋለሁ። ሂዱ።»

ላከችው። ትዋሊብ ስልኩን እያየ ጠበቀ፤ ገጹ ወጣ። ጮክ ብሎ አነበበላቸውና ወደ ጀልባው ሮጠ።