የተቃናችው ቱቦ

ፍሰሐ ከአብነት ወደ ልደታ ሲወጣ ደሙ ፈልቶ ነበር። የኢዶሳ ሚስት ጠጅቱ በማለዳ በሩን ደብድባ፣ «ባሌን ቀበሌ አስገቡት! አሻጥረኛ ነው አሉት። ኧረ ፍሰሐ፣ በናትህ አንድ ነገር በል!» ብላ አልቅሳበታለች። ኢዶሳ አሻጥረኛ! ዶሮ እንኳ አርዶ የማያውቅ ሰው! ወይ ጉድ!

ጣጣው ሁሉ የመጣው በአንዲት ቀጭን ቱቦ ነው። ፍሰሐና ኢዶሳ ልደታ አጠገብ ባለው የኦክስጅን ፋብሪካ ቧንቧ ሠራተኞች ናቸው። ክረምቱን ሙሉ ደፋ ቀና ብለው የኦክስጅኑን ጥራት የሚለካውን አዲስ መመርመሪያ የገጠሙት እነሱ ናቸው። ዋናውን ቧንቧ አናቱ ላይ በስተው ጋዙን ከመሀል የሚቀዳ ውስጠ ክፍት ዘንግ አስገቡ፤ ከዘንጉ እስከ መመርመሪያው ድረስ ደግሞ ያቺን ቱቦ ዘረጉ። ጋዙ ከመጭመቂያው እርጥበት ይዞ ስለሚወጣ ቱቦዋን ሆን ብለው አዘነበሏት። የሚጠራቀመው ውሃ ወደ ዋናው ቧንቧ ተንሸራቶ ይመለስ ብለው ነው።

ከዚያ አሥረኛው የአብዮት በዓል ደረሰ። ከተማው ቀለም ተቀባ፣ አጥሩ ሁሉ ተቃና። የፋብሪካው ካድሬ ጓድ ተክለጻድቅም ስብሰባ ጠራና፣ «እንግዶች ይመጡብናል። ይህ የተንጋደደ ነገር ምንድን ነው? ቀጥ ይበል፤ ቀይም ይቀባ!» አለ። ኢዶሳ የሌሊት ተረኛ ስለነበር ያን ጊዜ ቤቱ ተኝቷል። ፍሰሐ ግን ነበረ። ነገሩ አፉ ድረስ መጣበት፤ ዋጠው። «የሚደግፍ!» ሲባል እጅ ሁሉ ወጣ፤ የእሱም ወጣ። በሙሉ ድምፅ አለፈ፣ ተጨበጨበ።

እሑድ በዘመቻ ቱቦዋን አቃኗት፤ እንዲያውም መሀሏ ላይ ረገብ አለች። በዓሉ አልፎ ብዙም ሳይቆይ የመመርመሪያው መርፌ ቁልቁል ወረደ፤ ጥራቱ ጎደለ ተብሎ ለሆስፒታል የተሞላው ሲሊንደር ሁሉ ታገደ። ያን ሌሊት ተረኛው ኢዶሳ ነበር። በቃ፣ እሱን አንቀው ወሰዱት።

ፍሰሐ ግቢ ሲደርስ ሠራተኛው ቱቦዋ ሥር ተሰብስቧል። ጓድ ተክለጻድቅ ወንበር ላይ ቆሞ፣ «አሻጥረኛው ለሚመለከተው አካል ተላልፎ ይሰጥ! የሚደግፍ!» ይላል። እጆች መውጣት ጀመሩ።

«አውርዱ እጃችሁን!» ብሎ ጮኸ ፍሰሐ። ሰውን እየገፈተረ አለፈ፣ ቫልቩን ዘጋ፣ ቱቦዋ ከረገበችበት ቦታ ላይ መፍቻውን አስገብቶ ፈታት። ውሃው ዧ ብሎ ወረደ፤ የካድሬውን ጫማ አራሰው።

«ይኸው አሻጥረኛችሁ! ውሃ ነው! መንገዷን የዘጋው ውሃ ነው! ቱቦዋን ያቃናነው ደግሞ እኛ ነን። ኢዶሳ ያን ቀን እዚህ አልነበረም፤ እጁንም አላወጣም!»

ጓድ ተክለጻድቅ ከወንበሩ ወርዶ ጫማውን አራገፈና፣ «ወደ ቀበሌ ይደወል፤ ኢዶሳ ይፈታ» አለ። ፍሰሐ እፎይ ሊል ሲል ወደ እሱ ዞረ።

«ስትቃና ውሃ እንደምትይዝ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እጅህንስ አላወጣህም?»

«አወጣሁ! አንተም አውጥተሃል! እዚህ ያለነው ሁላችንም!»

«እኛ ሳናውቅ ነው፤ አንተ እያወቅህ። አሻጥር ማለት ይኼ ነው» አለና ለአብዮት ጥበቃዎቹ በአገጩ አመለከታቸው።

ጠመንጃ የያዙ ሁለት ጥበቃዎች መሀላቸው አስገብተው ወሰዱት። መንገዱን ሙሉ ካድሬውን በሆዱ ረገመው፤ ዓይናቸውን መሬት መሬት ያደረጉትን ጓደኞቹንም ረገማቸው። ከሁሉ አብልጦ የጠላው ግን ያን ቀን የወጣ ቀኝ እጁን ነው። ምላሱ አፉ ውስጥ ቁጭ ብላ ሳለ እጁ ምን አጣደፈው?

ቀበሌው በር ላይ ተፈትቶ ከሚወጣው ከኢዶሳ ጋር ተገጣጠሙ። አንድ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል፤ ጠጅቱ ክንዱን ይዛዋለች።

«ሂድና ቱቦዋን እንደ ድሮዋ አዘንብላት!» አለው ፍሰሐ፣ እየገፉት። «ማንም ምንም ቢል አዘንብላት!»

«ቆይ እንጂ! አንተን ደግሞ ምን አድርገህ ነው?»

«እጄን አውጥቼ» አለና ገባ።