ግድግዳው መቼ ይፍረስ?

"ጫፉን ጠበቅ አድርጊው፣ እህቴ" አለ ሽበት የጀመረው ግንበኛ፣ ሜትሩን እየሳበ ወደ መስኮቱ ሲያፈገፍግ።

ፋርማሲስቷ ከግድግዳው ሥር ተንበርክካ የሜትሩን ጫፍ በአውራ ጣቷ ተጫነችው። የሚፈርሰው ይኸው ሳሎኑንና ጓዳውን የሚለየው ግድግዳ ነው። የጓዳው መስኮት ይሰፋል፣ ወጥ ቤቱ ይታደሳል፣ ጣሪያውም ይቀየራል። ቤቱ የአባቷ ነው፤ እናቷ ካረፉ ወዲህ የሚኖሩበትም ሁለቱ ብቻ ናቸው። "ዘንድሮ፣ ከርሞ" ሲባል ለኖረው እድሳት አሁን የቀረው ቀን መቁረጥ ብቻ ነበር።

"እንግዲህ ወይ ሰኞ እንጀምርና ዝናቡ ሳይጠና ዋና ዋናውን እንጨርሳለን" አለ ግንበኛው ሜትሩን እየጠቀለለ፤ "ወይ ክረምቱ ይውጣና በበጋ እንመጣለን።"

"በበጋ ይሁን" አለች ጊዜ ሳትወስድ። ወዲያው በረንዳው ላይ ወደተቀመጡት አባቷ አየት አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አባዬ ዓይኑ እየደከመ ነው። ሐኪሙ መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም ብሎናል። ይህን ቤት በዳበሳም ያውቀዋል። አሁን አፍርሰንበት በምን ይሄዳል?"

"እሱስ ልክ ነሽ። ብቻ እስከ ማታ አስቢበትና ደውይልኝ፤ የሰኞን ቀን ሌላ ሰው ይፈልገዋል" አለና ዕቃውን ሸክፎ ወጣ።

ብቻዋን ስትቀር ወደ ጓዳው ገባች። እናቷ የሰፈሩን ሰው ልብስ ሲሰፉ የኖሩት እዚህ ነው። የስፌት መኪናው ከተሸጠ ቆይቷል፤ እግሮቹ ወለሉ ላይ የተዉት ጠባሳ ግን አልጠፋም። ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ ገና ከደጅ በመኪናው ድምፅ የእናቷን ፊት ታውቀው ነበር። ረጅምና እኩል ሲሄድ ደህና ናቸው። ቆረጥ ቆረጥ ካለ ደግሞ አንዱ ደንበኛ አናዷቸዋል ማለት ነውና ቦርሳዋን ወርውራ ሳትጠራ ወደ ሥራ ትገባለች። ማታ ሳሎኑ ውስጥ የቤት ሥራዋን የምትሠራው ጀርባዋን ለዚህ ግድግዳ ሰጥታ ነው። በወዲያኛው በኩል መኪናው ሲያንቀጠቅጠው በጀርባዋ ይሰማት ነበር።

"ሄደ?" የሚል ድምፅ ከበረንዳው መጣ።

"ሄደ፣ አባዬ።"

ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሹፌር የበሩን መቃን በጣታቸው ነክተው ገቡ። ፊት ለፊታቸው ያለውን ያያሉ፤ ጎን ጎኑ ግን ከጠፋባቸው ሰንብቷል። መጥተው ከግድግዳው አጠገብ ቆሙ።

"ይህን ማን እንደሠራው ታውቂያለሽ?"

"አንተና አጎቴ።"

"አንቺ ልትወለጂ ሰሞን ነው። እናትሽ 'ሕፃን በመኪና ጩኸት አይተኛም' ብላ አላስቀምጥ አለችን። አጎትሽ ደግሞ 'ቱንቢ ምን ያደርጋል፣ ዓይኔ ይበቃል' አለ።" መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አንሸራተው ያበጠው ቦታ ሲደርሱ ሳቁ። "ይኸው የአጎትሽ ዓይን። እናትሽ እንግዳ በመጣ ቁጥር ግድግዳውን እያሳየች 'አብረን አርግዘን፣ እኔ ስገላገል እሱ እንዳረገዘ ቀረ' ትል ነበር።"

እሷም ሳቀች። "እኮ ለዚህ ነው እድሳቱ ወደ በጋ ይለፍ ያልኩት።"

"ሰምቻለሁ። የደከመው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም።"

"ታዲያ አይሻልም? የለመድከው ቤት ነው።"

"በበጋ ዓይኔ ምን ያህሉ ይኖራል?"

ጠብታውን ከመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ የምታወርደው ራሷ ናት፤ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል አሳምራ ታውቃለች።

"ስሚኝ" አሉ። "አዲስ መስመር ሲሰጡኝ መጀመሪያ በቀን ነው የምነዳው። ጉድጓዱንና ጠመዝማዛውን አንድ ጊዜ በዓይኔ ካየሁት፣ ከዚያ በኋላ በጨለማም በጉምም አይጠፋኝም። ቤቱን በበጋ ከሠራችሁት ግን በገዛ ቤቴ እንግዳ መሆኔ ነው። 'ይህ በር ነው፣ ይህ መስኮት ነው' እየተባልኩ እጄን ተይዤ ልኖር ነው?"

"የድሮውስ? የእማዬ ጓዳስ?"

"እሱንማ አይቼ ጠግቤያለሁ። አሁን ዓይኔን ብጨፍን፣ መርፌ በከንፈሯ እንደያዘች 'እግርህን ጥረግ' ብላ በቅንድቧ ስታዘኝ አያታለሁ። ግድግዳ ቆመ አልቆመ ለውጥ የለውም።" ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ፤ እስኪያገኟት ትንሽ ፈለጓት። "ለኔ ብለሽ ከሆነ አታዘግዪው። ለራስሽ ከሆነ ግን ንገሪኝ፤ እጠብቅሻለሁ።"

ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ቆመች። ቀዝቃዛ ነው፤ ከወዲያ የሚመጣ ነገር የለም።

"ለራሴ ነው፣ አባዬ" አለች በመጨረሻ።

"አውቃለሁ" አሉ። "እኔስ ቀሚሶቿን እስክሰጥ ድረስ ቁም ሳጥኑን ስንቴ ከፍቼ ዘግቻለሁ መሰለሽ።"

እሳቸው ወንበራቸውን ከበረንዳው አስመጥተው ጓዳው ውስጥ ተቀመጡ፤ እሷ ወለሉን ጠራረገች፤ አንድ ሁለቴ ስለ እናቷ አንስተው ሳቁ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ስልኳን ይዛ በረንዳው ላይ ወጣች።

"ሰኞ ይምጡ" አለችው ግንበኛውን።

"ደግ አደረግሽ። እንግዲያው ከጣሪያው እንጀምራለን። ግድግዳውና መስኮቱ መጨረሻ ላይ ይደርሳሉ፤ የሥራው ወግ እንደዚያ ነው።"

በበሩ በኩል ወደ ውስጥ አየች። አባቷ ከወንበሩ ተነስተው፣ ግድግዳውን በእጃቸው ሳይሆን በዓይናቸው፣ ከጥግ እስከ ጥግ ቀስ እያሉ ያዩታል።

"አይ፣ ግድግዳው ይቅደም። ከዚያ መስኮቱ፣ ከዚያ ወጥ ቤቱ። ጣሪያው ይቆይ።"

"ዝናቡ ደርሷል እኮ፣ እህቴ። ያ ጣሪያ ደግሞ ያፈሳል።"

"ያፍስ" አለች። "ባልዲ እንደቅናለን።"