አናጢው አንደበቱ የተፈታ ዕለት

አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ወይም ረግቶ አንደበታቸው የተያዘ ሰዎችን መልሳ የምታናግር ባለሙያ ነበረች። ታካሚዎቿ ሆስፒታል ባለው ማከሚያ ክፍሏ ውስጥ ትንሽ መሻሻል ያሳዩና ቤታቸው ሲገቡ እንዴት እንደሚያናግራቸው የሚያውቅ ሰው አያገኙም፤ ዝምታው መልሶ ይውጣቸዋል። ይህ ሲያንገበግባት ኖሮ ለቤተሰቦች የሚሆን ትምህርት በኢንተርኔት ልታዘጋጅ ተነሳች።

ሥራው እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። የአንጎል ክፍሎች፣ የነርቭ መስመሮች፣ የመተንፈሻ ጡንቻዎች… ክረምቱን ሙሉ ጽፋ እንኳ አላጋመሰችውም። ቪዲዮ አቀናባሪ የሆነው ታናሽ ወንድሟ ሊቀርጻት መጥቶ፣ ሳሎኗ ውስጥ መብራት እየተከለ ረቂቁን አየት አደረገ። ገለጠ፣ ገለጠና ካሜራውን ወደ ቦርሳው መለሰ።

«እታለም፣ ይሄን አልቀርጽም።»

«ምነው?»

«ባሏ አልናገር ያላት ሴት ይሄን ሁሉ ቁጭ ብላ ትማራለች? ጠይቀሻቸዋል?»

«ዕድሜዬን የፈጀሁበት ሥራ እኮ ነው!»

«ሥራውንማ ታውቂዋለሽ። ቤታቸውን ነው የማታውቂው። ጥቂት ቤተሰቦች ጥሪና በስልካቸው በቀጥታ አንዲት ትምህርት ስጪ። ከጠቀማቸው ቀሪውን እንሠራለን።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ልትለኝ ነው?»

«ያንቺ እንቁላል እኮ ሳይፈለፈል ሊበር ነው!»

ተቀየመችው፤ ስልኩንም አላነሳ አለች። ኩርፊያው ሲበርድላት ግን ከሆስፒታል ወደወጡ ጥቂት ታካሚዎች ቤት ደወለች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፊቶች በስክሪኗ ላይ ብቅ ብቅ አሉ። አንዷ ማድ ቤት ናት፣ አንዱ መጋረጃው በተዘጋ መኝታ ቤት ከእናቱ አልጋ አጠገብ። አንዲት ጠና ያሉ የአውቶቡስ ሹፌር የሥራ ልብሳቸውን ሳያወልቁ ባላቸው ጎን ተቀምጠዋል። ባልየው አናጢ ነበር፤ ከታመመ ወዲህ አንድም ቃል አልወጣውም።

ባለሙያዋ ስለ ግራው የአንጎል ክፍል ማስረዳት ጀመረች። ማድ ቤት ያለችው ድስቷን ዞር ብላ አየች። ሌላው አዛጋ። ሹፌሯ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። የአንጎሉንስ ሐኪሞቹ ነግረውናል። እኔን የቸገረኝ፣ ጠዋት ስንነሳ ምን ልበለው? በጠየቅሁት ቁጥር ያለቅሳል።»

ሁሉም በየመስኮታቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ባለሙያዋ ወረቀቷን አጠፈችው።

«እንግዲያው አይጠይቁት። ግራ እጁን ይያዙና መታ መታ እያደረጉ ‹ውሃ ስጪኝ› የሚለውን በዜማ ይበሉለት። ንግግር ሲዘጋ ዜማ አንዳንዴ በሌላ በር ይወጣል።»

«እኔ ልዝፈን? ድምፄ እኮ የአውቶቡስ ጡሩምባ ነው!»

አናጢው ከት ብሎ ሳቀ። ሚስቱ ሳቁን ሲሰሙ ደነገጡ፤ ከዚያ እጁን ያዙና ጀመሩ። ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ደገሙለት። ሌሎቹም በየቤታቸው ያንኑ ዜማ ያዙ፤ ድምፁ ወዲያና ወዲህ እየተንገዳገደ ከየስልኩ ፈሰሰ።

«ው… ሃ…» አለ አናጢው፣ ከደረቱ ሥር በሻከረ ድምፅ። «ስ… ጪኝ።»

ሹፌሯ ከስክሪኑ ተፈተለኩና ግማሹ የፈሰሰ ብርጭቆ ይዘው ተመለሱ። ጠጣ። ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ እንደገና ዘፈነው። እንደገናም።

«ኧረ ሊያሰጥሙት ነው!» አለች ባለ ድስቷ፣ እንባዋን እየጠረገች።

ባለሙያዋ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። በክፍሏ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ አይታለች። እሷ ሳትነካው፣ በገዛ ሳሎኑ፣ በሚስቱ ድምፅ ሲሆን ግን አይታ አታውቅም።

ወፍራሙን ረቂቅ ተወችው። ቤተሰቦቹ የጠየቁትን እየተከተለች አጫጭር ትምህርቶች ሠራች፦ ለጠዋት መነሻ፣ ለገበታ፣ እንግዳ ለመጣ ጊዜ። ወንድሟም ሳያጉረመርም ቀረጸ። ሁሉም አልተናገሩም፤ መኝታ ቤት ያሉት እናት ገና ማንጎራጎሩ ላይ ናቸው። አዲስ ለሚገቡት ቤተሰቦች ግን የመጀመሪያውን ዜማ የሚያሳዩት ሹፌሯ ሆኑ።

አንድ ቀን እሳቸው እያስተማሩ ሳለ አናጢው ከኋላቸው ድምፁን አነሳ። ማንም ባላስተማረው ዜማ፣ እሱ ብቻ በሚጠራቸው የቁልምጫ ስም ጠራቸው። ሹፌሯ ስልኩን አስቀምጠው ሄዱና አጠገቡ ተቀመጡ።

«እዚህ ነኝ» አሉት።