ዘጠኝ ቁጥር ማሊያ

ልብስ አጣቢዋ የመጨረሻዋን ፊደል በካውያ አሙቃ በጥፍሯ ላጠቻት። ስሙ ለቀቀ፤ ምልክቱ ግን ማሊያው ላይ ቀረ። ከሥሩም የሌሎች ሁለት ሰዎች ስም ምልክት ይታያል። በዚህ የዝውውር ወቅት ብቻ ሦስት አጥቂዎች መጥተው፣ ጎብኝተው፣ ሻይ ጠጥተው ሄደዋል።

አጥቂ በመጣ ቁጥር ስሙ የታተመበት ማሊያ ተሰቅሎ ይጠብቀው የሚሉት የክለቡ ፕሬዚዳንት ናቸው። ክለቡ ዋንጫ በዋንጫ በነበረበት ዘመን ይህን ያየ ተጫዋች እንባ ይቀድመው ነበር። ያኔ ለሁሉም አዲስ ማሊያ ይወጣል። አሁን ዘጠኝ ቁጥር የቀረችው አንዲት ናት። የክለቡ የራሱ አጥቂማ፣ ከክለቡ አልላቀቅ ስላለ "ሙጫው" የሚሉት፣ ስድስት ዓመት ሲጫወት ስሙ ታትሞ አያውቅም። ፊደሉ ለእንግዶች ይቆጠባል።

"እትዬ፣ አልደረሰም እንዴ? ሰውየው በር ላይ ነው!" አሉ ፕሬዚዳንቱ ክራባታቸውን እያስተካከሉ።

"የድሮውን ስም ላጥቻለሁ። ግን ሳይፈርም ስሙን ማተም ላም አለኝ በሰማይ አይሆንም?"

"ዛሬ ምዝገባው ይዘጋል። አጥቂ ካላገኘን እንወርዳለን። ከወረድን ይህቺ ማጠቢያ ቤትም ትዘጋለች።"

ለቀባሪው አረዱት። ሃያ ስድስት ዓመት የዚህን ክለብ ጭቃ አጥባለች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ሴት ልጆቿን ያሳደገችው በዚሁ ጭቃ ነው። የእንግዳውን ስም አትማ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው፤ ራሷም አጠገቡ ቆመች።

አጥቂው ረጅም፣ ጨዋ ሰው ነበር። የዋንጫዎቹን መደርደሪያ በትህትና አይቶ አለፈ። የመጨረሻው ዋንጫ ሲመጣ እሱ ገና ድክ ድክ ይል ነበር። ማሊያው ጋ ሲደርስ ግን ቆመ፤ አውርዶም ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው።

"ከስሜ ሥር ያለው ምንድን ነው?"

"የጨርቁ ጥለት ነው" አሉ ፕሬዚዳንቱ ቶሎ ብለው። "አይደል እትዬ?"

የልጆቿ ነገር ፊቷ ላይ ድቅን አለ፤ ፈራች። ሰውየው ግን ዓይን ዓይኗን እያየ ይጠብቃል።

"ከአንተ በፊት የመጡ ናቸው፣ ልጄ" አለች። "አልፈረሙም።"

አጥቂው ማሊያውን በቀስታ መልሶ ሰቀለው። "እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴ" አላት። ከዚያ ለወኪሉ እንደሚደውል ተናግሮ ወጣ። ወዲያው መኪናው ሲነሳ ተሰማ።

"ጉድ ሠራሽን!" ጮኹ ፕሬዚዳንቱ። "አዎ ብትይ ምን ነበረበት?"

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ጌታዬ። እኔ ባልነግረው ነገ ሻወሩ ይነግረዋል፤ ሙቅ ውሃ ካየ ዓመቱ።"

"በይ ላጪው! ሳይመሽ ሌላ ሰው አፈላልጋለሁ።" በሩን ወርውረው ሄዱ።

ካውያውን ሰካች። አራተኛውንም ስም ላጠች። በመስኮቱ ሙጫው ይታያል፤ ሁሉም ልምምድ ጨርሶ ሄዷል፣ እሱ ብቻውን ባዶ ጎል ላይ እየመታ፣ ኳሷንም ራሱ እየሮጠ ያመጣል። የፊደሎቹን ሳጥን ከፈተች። እጇን ሰደድ አድርጋ ግን ቆመች። ስድስት ዓመት ማሊያውን ስታጥብ ትክክለኛ ስሙን አታውቀውም። አፈረች።

መስኮቱን ከፈተች።

"አንተ!" ብላ ተጣራች። "ና እስቲ፣ ስምህን ከነአባትህ ንገረኝ!"